በሳይክሉ ና

ታምራት ያን ሳይክል የገዛው ለሽርሽር አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። «ፋርማሲስቱ ደግሞ እንደ ፈረንጅ መንፈላሰስ ጀመረ» እያለ ሶዶ ላይ ሲያማው የከረመ ሁሉ ምላሱን ይሰብስብ። የገዛው ለእናቱ ነው።

እናቱ አሳየሽ ከጉኑኖ ወዲያ፣ መኪና ከማይዘልቅበት ቁልቁለት ስር፣ ከታናሽ ወንድሙ ከአንጁሎ ጋር ትኖራለች። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ካልተወጋች ሁለት ሦስት ቀን አትከርምም። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መንደሩ ደግሞ መብራት የለውም። ስለዚህ ታምራት በሚሠራበት መድኃኒት ቤት ፍሪጅ ያስቀምጥላታል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ብልቃጥ ያደርስላታል፤ እሷም እርጥብ አሸዋ መሃል በተቀመጠች ትንሽ እንስራ ውስጥ ታኖረዋለች።

በፊት በሞተር ነበር የሚሄደው። ቤንዚን የጠፋ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ሰልፍ ላይ ውሎ ሰልፍ ላይ መሸበት። በማግስቱ ትንሽ በባጃጅ፣ ትንሽ በእግሩ ብሎ ሲደርስ እናቱን ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኛት። «ቅዳሜ ተሰረዘ እንዴ?» አለችው ለቀልድ ያህል። እሱ ግን መሳቅ አቃተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ ቤንዚን ኖረም አልኖረም፣ መኪና ኖረም አልኖረም፣ እሷ ዘንድ በሰዓቱ መድረስ ብቻ።

በዚያው ሰሞን አንድ አፈር ሲያጠና የከረመ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ሲል ዕቃውን መሸጥ ጀመረ። ከዕቃው መሃል ሁለት የኤሌክትሪክ የተራራ ሳይክሎች ነበሩ። ታምራት ስለ ሳይክል የሚያውቀው ቢበዛ ፍሬን እንዳለው ነው፤ ስለዚህ በአንድ ግቢ አብራው የምትከራየውን ጎረቤቱን ትርሐስን ይዟት ሄደ። ትርሐስ መቐለ ተወልዳ ያደገች፣ በልጅነቷ በሳይክል ውድድር ስንት ጊዜ ጉልበቷን የላጠች ሴት ናት። አሁን ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆና ትሠራለች፤ የሰው ወገብና ጉልበት ስታሽ ውላ ትገባለች። ሳይክል ስታይ ግን ሌላ ሰው ነው የምትሆነው።

አንዱ ሳይክል ቀይ፣ አዲስ፣ ባትሪው ትልቅ፣ ሞላው ግን ከፊት ብቻ ነበር። ሌላው ቀለሙ የተላላጠ፣ ቴላዮው፣ ማለትም የብረት አካሉ፣ በድንጋይ የተጫጫረ፣ ነገር ግን ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው። ታምራት የቀዩን መሪ ጨብጦ አልለቅም አለ።

«ምኑን ወደድከው?» አለችው።

«አዲስ ነዋ! ባትሪውም ይበልጣል።»

«ሰው እንዲያይህ ነው የምትገዛው፣ እናትህ ዘንድ እንድትደርስ?»

«ሁለቱም ቢሆን ምን አለበት?»

«አይ ታምሬ! ቆይ ና፣ እኔ አሳይሃለሁ።»

ከሱቅ አራት እንቁላል ገዛች። ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልላ በጀርባ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና በቀዩ ሳይክል ዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ድንጋያማ መንገድ ላይ ለቀቀችው። ታምራት ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ወገቡን እየረገመ ወረደ። ቦርሳውን ሲከፍቱት እንቁላሎቹ ፈስሰው ጨርቁ ቢጫ ሆኗል። «ይህ የእናትህ ብልቃጥ ቢሆንስ?» አለችው። ታምራት የቀዩን መሪ ለቀቀ።

ከዚያ የቀሩትን ሁለት እንቁላሎች አስይዛ የተላላጠው ላይ አስቀመጠችው። ክብደቱን ጠየቀችው፤ የኋላው ሞላ ከሱ ክብደት በታች ምን ያህል እንደሚሰምጥ ጎንበስ ብላ አየች፤ በትንሽዬ ፓምፕ አየር ጨመረች፣ ደግሞ ቀነሰች፤ ሩቡን ያህል ብቻ ሲሰምጥ «አሁን ሂድ» አለችው። ሄደ። የኋላው ጎማ ድንጋዩን ሁሉ ለብቻው እየረገጠ እሱን ግን አላስነካውም። እንቁላሎቹ ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። ማታ ትርሐስ ጠበሰቻቸው፤ በዳጣ በሉና የተገዛውን ሳይክል መረቁት።

መንዳትንም ያስተማረችው እሷው ናት። «ቁልቁለት ላይ አትቀመጥ። ቁም፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ወደ ኋላ ሳብ በል። የፊቱን ፍሬን ብቻውን ብትጨብጠው በአፍጢምህ ነው የምትደፋው። አቀበት ላይ ደግሞ ሞተሩን እስከ መጨረሻ አትክፈተው፤ መመለሻም አለብህ።» አንድ ወር አላሠለጠነችውም ብትሉ ውሸት ነው። በመጨረሻ ከመድኃኒት ቤቱ በር እስከ እናቱ ደጅ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጅበት ጀመር፤ ዝናብ ካልጣለ ደርሶ መልስ በአንድ ቻርጅ። አሳየሽ የሳይክሉን ጎማ ድምፅ ከውሻው ቀድማ ትሰማለች። «ቅዳሜ መጣ!» ትላለች፣ ከእንሰቱ መሃል ብቅ እያለች። ለእሷ የቀን መቁጠሪያ እሱ ነበር።

አሁን ስለ አባቱ ሞት ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ነውር ነው። ሟቹ ተገንዞ እንኳ «ትንሽ አሞታል፣ ና» ነው የሚባለው፤ የተጠራው ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ራሱ ይረዳዋል። አባቱ የሞተ ጊዜ ታምራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እንደዚያ ብለው ሲደውሉለት የዋሁ እውነት መሰለው። መድኃኒት ሰብስቦ፣ ብርቱካን ገዝቶ እየሮጠ ሄደ። ድንኳኑን ሲያይ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። አጎቱ ሻንቆ ፌስታሉን ቀስ ብለው ከእጁ ወሰዱት፤ ብርቱካኑን ለቀስተኛ በላው። የዚያን ቀን ሀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሁለተኛ ማንም እንደዚያ አያሞኘኝም ብሎ ለራሱ ማለ። ምነው ያን መሐላ ባይምል ኖሮ!

በሚያዝያ አንድ አርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ታምራት መድኃኒት ቤት ሳለ አንጁሎ ደወለ።

«አንጁሎ፣ ሳሮ! ደህና ነህ? ምነው በጠዋቱ?»

«ታምሬ...» ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «እማ ትንሽ አሟታል። ቶሎ ና። በሳይክሉ ና።»

አንጁሎ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲያለቅስ ይሰማል። እኔ እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው! አንዲት ጥያቄ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር እኮ። «ምኗን አመማት?» ቢል፣ «ትተነፍሳለች ወይ?» ቢል፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠይቅ የሚውል ፋርማሲስት፣ እናቱ ላይ ሲደርስ አፉ ተያዘ። መጠየቅ ሞኝነት መሰለው። ስልኩ ተቋረጠ። መልሶ ሲደውል ተዘግቷል። ይኸው ተረጋገጠ አለ በልቡ፤ ለቅሶ ቤት ማን ስልክ ያነሳል?

የመድኃኒት ቤቱ ጎረቤት ያሬድ ልብስ ሰፊ ነው። የታምራትን ፊት በመስኮት አይቶ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጣ።

«ምን ሆነሃል?»

«እማ ትንሽ አሟታል አሉኝ።»

ያሬድም አልጠየቀም። ያሬድ የነገራቸውም አልጠየቁም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመንገዱ ነጋዴ ሁሉ መድኃኒት ቤቱን ሞላው። ስልኩን በዘዴ ከእጁ ወሰዱት። ግራና ቀኝ ተቀመጡ። «አይዞህ፣ ምንም የለም፣ ትድናለች» ይሉታል፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ። «ብቻህንማ አትሄድም፣ መኪና ይፈለጋል» ተባለ። ሁለት ሰው መኪና ፍለጋ ወጣ። መኪና ያለው ነዳጅ የለውም፤ ነዳጅ ያለው ቤሌ ከተማ ሄዷል፣ ከሰዓት ይመለሳል። እንዲህ ሲሉ ስድስት ሰዓት ሆነ። ፍቅራቸው ነው፤ አልወቅሳቸውም። ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

ትርሐስ ወሬውን ሰምታ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው፣ የሆስፒታል ገዋኗን ሳታወልቅ። ሰዎቹን አየችና «በሳይክሉ ቢሄድ እስካሁን ደርሶ ነበር» አለች። ስልኩን አስመለሰችለት። ሳይክሉን ከግቢ አመጣችለት፤ ጎማውን ጫን ጫን አድርጋ አየች፤ ባትሪው ሙሉ ነው።

ታምራት ከመውጣቱ በፊት፣ በልማድ ይሁን በምን፣ ፍሪጁን ከፈተ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ በፕላስተር «እማ» ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ብልቃጦች ተቀምጠዋል። አያቸው። ለማን ብሎ ይወስዳቸዋል? የአባቱ ብርቱካን ትዝ አለው። ፍሪጁን ዘጋ። ዞር ሲል ትርሐስ ብልቃጡን የሚያጓጉዝባትን ትንሽ የማቀዝቀዣ ከረጢት ከጀርባ ቦርሳው ውስጥ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣለች፤ በምትኩ ነጭ ጋቢ አጣጥፋ ትከታለች። ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ጋቢ ያስፈልገዋል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ ሰጣትና ሄደ።

ሲሄድም አልፈጠነ። የሚጠብቀው ለቅሶ ከሆነ ለምን ይቸኩላል? ሞተሩን ዝቅተኛው ላይ አደረገው። አቀበቱን ከሳይክሉ ወርዶ ገፋው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብቻውን አለቀሰ፤ ቤት ሲደርስ በሰው ፊት ከመውደቅ እዚሁ ይውጣልኝ ብሎ። አንድ ሰዓት ከሃያ የሚፈጀው መንገድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

ከአፋፉ ሆኖ ጆሮውን አቀና። ጩኸት የለም። ድንኳን የለም። ለመጮህ እኔን እየጠበቁ ይሆናል አለ በልቡ። ሲወርድ የጎማው ድምፅ ተሰማና አንጁሎ ከቤት ዘሎ ወጣ፤ ታምራት ሊያቅፈው መስሎት እጁን ዘረጋ። አንጁሎ ግን አላቀፈውም። ቦርሳውን ከጀርባው ላይ ቀማው።

«መጣህ! ተመስገን! የት አለ? የት አደረግከው?» ዚፑን በጠሰው። እጁን አስገብቶ ጎተተ። ጋቢው ወጣ፣ ወጣ፣ ተዘርግቶ መሬት ነካ። ከስሩ ምንም የለም። «መድኃኒቱስ?»

ታምራት የአንጁሎን ክንድ ያዘ።

«በሕይወት አለች?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አንጁሎ። «ማክሰኞ ጥጃው እንስራውን ገልብጦ ብልቃጡ ተሰበረ። ‹ቅዳሜ ይመጣል፣ ልጄን ከሥራው አታስቱት› ብላ እንዳልደውል አስማለችኝ። ዛሬ ሌሊት ማስመለስ ጀመራት። ታማለች አልኩህ እኮ! ነግሬህ የለ?»

«ትንሽ አሟታል ነው ያልከኝ።»

«እንዳትደነግጥ ነዋ! በድንጋጤ ገደል እንዳትገባብኝ! ሌላ ምን ልበልህ ኖሯል? በሳይክሉ ና ያልኩህ ለምን መሰለህ? ልጨምርልህ ስል የስልኬ ባትሪ አለቀ።»

ታምራት ወደ ውስጥ ገባ። አሳየሽ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ተራራ እንደወጣ ሰው ደረቷን ሞልታ በፍጥነት ትተነፍሳለች። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ትንፋሽ መሆኑን ተምሮታል። ግንባሯን ሲነካት ዓይኗን በግማሽ ከፈተች።

«ታምሬ? ቅዳሜ ነው እንዴ?»

«አዎ እማ። ቅዳሜ ነው።»

«እኔ ደግሞ ነገ መስሎኝ» አለችና ዓይኗን መልሳ ከደነች።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሰውየው እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወደ ደጅ ወጥቶ ለትርሐስ ደወለ። «በሕይወት አለች» አላት። ትርሐስ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች። «ቁልፉ እጄ ላይ ነው። አሁን እወጣለሁ። ጉኑኖ ጫፍ ጠብቀኝ።» ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያም ደወለ፤ ኢንሱሊን ካለቀ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ነገሩት። አምቡላንስም መንገዱ መጨረሻ ድረስ እንጂ አይወርድም።

የመንደሩ ወንዶች እስከዚያ ሊያደርሷት ቃሬዛ አመጡ። አሳየሽን አስተኟት። ብርድ ብርድ ስላላት ታምራት ያን ነጭ ጋቢ እስከ አገጯ አለበሳት። አጎቱ ሻንቆ አርጅተው እንኳ ከፊት ሆኑ፤ ስምንት ሆነው ተሸክመው፣ እየተቀያየሩ፣ «አይዞሽ! አይዞሽ!» እያሉ አቀበቱን ተያያዙት። ታምራት ቀድሟቸው ወጣ። ሞተሩን እስከ መጨረሻ ከፈተው። ትርሐስ አድርግ ያለችውን ሁሉ አደረገ፣ አታድርግ ያለችውንም አደረገ። ሳይክሉ ድንጋዩን እየዋጠ ወጣለት። አንድ ጊዜም አላሰናከለውም።

ጉኑኖ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ትርሐስ ከአንድ ዘበኛ በተዋሰችው ተራ ሳይክል፣ ሞተርም ሞላም በሌለው፣ ከሶዶ እስከዚያ ድረስ በገዛ እግሯ መጣች። መዳፏ ተልጦ ይደማል፣ ገዋኗ አቧራ ለብሷል። የማቀዝቀዣዋን ከረጢት ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ፊቱን ልታየው አልቻለችም።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እኔም እያየሁ ነው ያወጣሽው» አላት። ከረጢቱን ደረቱ ላይ አስሮ ተመለሰ።

ያ መልስ መንገድ፣ ታምራት ኋላ እንደሚለው፣ በሕይወቱ ከነዳው ሁሉ ጥሩ አድርጎ የነዳበት ነው። የመጀመሪያውን ቁልቁለት ቆሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ፍሬን ሳይነካ ወረደ። ብልቃጡ ደረቱ ላይ ንቅንቅ አላለም። አሁን አገኛቸዋለሁ፣ ከዚህ ድንጋይ በኋላ፣ ከዚያ ዛፍ በኋላ እያለ። አቀበቱን አጋምሰው መሆን አለበት። የመንደሩ አፋፍ ላይ ደርሶ ቁልቁል ሲያይ ቃሬዛውን አየ።

ጀርባቸውን ነበር ያየው። ፊታቸው ወደ እሱ መሆን ሲገባው፣ ወደ ቤት ዞረዋል። አይሮጡም። አይጮኹም። ነጩ ጋቢ ፊቷ ላይ ተስቧል።

ታምራት ፍሬኑን ያዘ። በመሪው ላይ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ባትሪው ገና አሥራ ዘጠኝ በመቶ እንደቀረው ታሳያለች። እናቱ ቤት ለመድረስ በቂ ነበር። ሳይክሉ ምንም አልጎደለበትም፤ የጎደለው እሱ ነው። ይህንን ጮክ ብሎ ተናገረው፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወረደና እየገፋ ተከተላቸው።

ቤት ሲደርሱ ሻንቆ የቃሬዛውን እንጨት ከትከሻቸው አውርደው መጡና ከረጢቱን ከደረቱ ላይ ቀስ ብለው ፈቱለት፤ ያን ጊዜ ፌስታሉን እንደወሰዱት። ሴቶቹ ጮኹ። አንጁሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ታምራት ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ። ሊድያ ናት፣ ሐዋሳ ያገባችው እህታቸው። ከጠዋት ጀምሮ አንጁሎን ስትደውልለት ዝግ ሆኖባታል።

ታምራት ተነስቶ ከለቅሶው ራቅ ብሎ ከእንሰቱ ጀርባ ሄደ። ሻንቆ እየተከተሉት «ልጄ፣ በስልክ እንዳትነግራት፤ መንገድ ላይ ትሆናለች፣ ትወድቅብናለች» አሉት። የታምራት ልብ ግን ቆርጧል። እውነቱን ነው የምነግራት አለ። ነውር ከሆነም ይሁን። እናቴን የገደላት ይህ ነው፤ ዛሬ በኔ ላይ ያበቃል። ስልኩን አነሳ።

«ታምሬ! አንጁሎ ምን ሆኖ ነው የማያነሳው? እማ ደህና ናት?» አለች ሊድያ። ከኋላዋ የመኪና ጥሩንባና የገበያ ጫጫታ ይሰማል። ብቻዋን መንገድ ላይ ናት።

አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ስትወድቅ ታየችው፤ የማያውቃት ሰው ከአስፋልት ላይ ሲያነሳት።

«ትንሽ አሟታል» አላት። «ዛሬውኑ ነይ።»

ሊድያ ምኗን እንዳመማት አልጠየቀችም። መጮህ ጀመረች።